ባለ ጎማው ሙዳይ

እናቴ ማዳበሪያውን ከአልጋ ሥር ስትጎትተው ቀድሞ የወጣው ሽታው ነው፤ የታፈነ እርጥብ ሣር ሽታ። የታሰረበትን ሲባጎ ፈታችና እጇን ከታ አንድ እስር ወይንጠጅ አለላ አወጣች። አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ሻጋታ ነው። ሁለተኛውም እስር እንደዚያው ሆነ። አረንጓዴው ግማሹ ተርፏል፤ ቀዩ አንድም የቀረ የለም። ወለሉ ላይ ተቀምጣ የተበላሸውን በቀኝ፣ የተረፈውን በግራ ትለይ ጀመር። ስትጨርስ የቀኙ ክምር የግራውን እጥፍ ያህላል።

«ይኼን እኮ የነከርኩት አምና ነው» አለች በመጨረሻ። ሌላ ቃል አልተናገረችም። ወሩ መስከረም ነበር፤ ማዳበሪያው ክረምቱን ሙሉ ከቀዝቃዛው ሲሚንቶ ወለልና ከፍራሹ መሀል ተጣብቆ ከርሟል።

እናቴ ሰፊ ናት። መሶብ፣ አገልግል፣ ሰፌድ፣ ሙዳይ ትሰፋለች፤ እጇ ከዚያ ሲያርፍ ዳንቴል ትሠራለች። አራት ኪሎ አካባቢ በምንኖርበት ዘመን ለዚህ ሥራ ቦታ ነበረው። ስንደዶውና አክርማው በየእስሩ ከማድቤቱ ጣሪያ ተንጠልጥሎ ይከርማል፤ የምድጃው ጭስ ያደርቀዋል፣ ተባይም አያስጠጋበትም። ጠዋት ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር ሰሌን ይነጠፋል። ሣሩ የሚርስበት ጎድጓዳ ሳህን በስተግራዋ፣ ወስፌዋ በስተቀኟ፤ ያ ማዕዘን የእሷ መሆኑን ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲነሳ እኛ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደረሰን፤ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ። ቤቱን አልጠላነውም። ውኃና መጸዳጃ ከነበርንበት ይሻላል። ነገር ግን ማድቤት የለም፣ ግቢ የለም፣ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳም የለም። የእናቴ ሥራ አልጋ ሥር ገባ።

ብዙ ሰው ስፌትን ጊዜ ማሳለፊያ ይለዋል። እኔን ያስተማረኝ ግን ይኸው ማሳለፊያ የሚባለው ሥራ ነው፤ ደብተሬም ጫማዬም ከመሶብ ገንዘብ የተገዛ ነው። ያን ቀን ክምሮቹን እያየሁ የገባኝ ነገር ቢኖር አንድ ሥራ በቤት ውስጥ የራሱ ቦታ ሲያጣ የቤቱ ሰው ሁሉ እንደ ሥራ ማየቱን እንደሚተው ነው። እኔም ትቼው ነበር። አልጋው ሥር ምን እንዳለ ክረምቱን ሙሉ አልጠየቅኩም።

ሥራ የራሱ ቦታ እንደሚያስፈልገው የጥንት ሴቶች ያውቁ ነበር። ሙዳይ የተሰፋው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ የሥራ ዕቃ ማኖሪያ ነው። ፈታይዋ ባዘቶዋንና እንዝርቷን ሙዳይ ውስጥ ታኖራለች፤ ክዳኑ ከአቧራ ይጠብቅላታል፣ የሣሩ ስፌት ደግሞ አየር ያስገባል። ስትነሳ ብድግ አድርጋው ትሄዳለች። ዕቃውን የሚጠብቅ፣ የሚያናፍስና ከባለቤቱ ጋር የሚንቀሳቀስ፤ እኔ በኋላ ለእናቴ በአናጺ ያሠራሁት የዕቃ ጋሪም ከዚህ የተለየ አይደለም። እንጨት ነው፣ ጎማ አለው፤ ሐሳቡ ግን የሙዳይ ነው።

ሻጋታውን ባገኘን ማግስት የእናቴን ዕቃ በሙሉ ሳሎን ወለል ላይ ዘረጋነው። አክርማና ስንደዶ፤ ረጅሙ እስር ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ያህላል። በየቀለሙ የታሰረ አለላ። ሦስት ወስፌ፤ አንዱ እጀታው በእጇ ላብ ጠቁሮ ተወልውሏል። ልቃቂት ክር፣ የዳንቴል ክር ድብልብል ሰባት፣ ኪሮሽ በየውፍረቱ፣ መርፌ፣ ቁልፍ፣ በብስኩት ቆርቆሮ የተከማቸ ዶቃ፣ መቀስ ሁለት። ሣሩ ሲሰፋ በውኃ መራስ አለበት፤ ደረቁን ብትጠመዝዘው ይሰበራል። ሲቀመጥ ግን መድረቅና አየር ማግኘት አለበት፤ ማዳበሪያው ይህን ነው የነፈገው። ክሩ የሚፈልገው ክዳን ነው፤ አቧራና ብል ጠላቱ ናቸውና። ወስፌ ደግሞ ከሁሉ ተለይቶ መቆም ይፈልጋል። ሌላ ነገር ለማውጣት እጁን የሚከት ሰው፣ በተለይም ሕፃን፣ ጫፉን ሳያይ እንዳያገኘው ነው።

ለምን ጎማ? የቤታችንን ውሎ ያየ ይህን አይጠይቅም። ጠዋት ፀሐይ የምትገባው በሳሎኑ መስኮት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ወደ መኝታ ቤቱ ትዞራለች። የእናቴ ዓይን እንደ ድሮው አይደለም፤ ብርሃኑን ተከትላ መቀመጥ አለባት። ቡና ሲፈላ ሳሎኑ ረከቦትና በርጩማ ይሞላል፤ እንግዳ ሲመጣ ሁሉ ነገር መነሳት አለበት፤ ማታ ደግሞ የእህቴ ልጅ ፍራሽ እዚያው ይዘረጋል። በእንዲህ ያለ ቤት ግድግዳ ላይ የተመታ መደርደሪያ ለአንድ ሰዓት ብቻ ትክክለኛ ቦታ ላይ ነው፤ የቀረውን ሰዓት እናቴ እየተመላለሰች ትሸከማለች። ቦታው ራሱ ወደ እሷ መሄድ ነበረበት።

መጀመሪያ ራሴ ልሠራው ተነሳሁ። አንድ እንጨት መሸጫ ሄጄ «ደረቅ ነው» የተባለ የባሕር ዛፍ ጣውላ ገዛሁ፣ በምስማር መታሁት፣ ከሥሩ ትናንሽ የፕላስቲክ ጎማዎች አሰርኩበት። በሁለት ሳምንት ውስጥ የላይኛው ጣውላ እንደ ጀልባ ጎበጠ። በሦስተኛው ሳምንት ዳሩ ላይ የተመታው ምስማር እንጨቱን ከጫፍ ይዞ ሰነጠቀው። አራቱ እግሮች እኩል መሬት መንካት ስላልቻሉ ጋሪው ቆሞም ይንቀጠቀጣል። ጎማዎቹ ደግሞ የመኝታ ቤቱ ደፍ ላይ ሲደርሱ ይተከላሉ።

የጎበጠበትን ምክንያት በኋላ ነው የተረዳሁት። በቅርቡ የተቆረጠ እንጨት ውስጥ ውኃ በሁለት መንገድ ይቀመጣል። አንዱ በእንጨቱ ባዶ ቱቦዎች ውስጥ የተጠራቀመው ነው፤ እሱ ሲወጣ እንጨቱ ይቀላል እንጂ ቅርጹን አይለውጥም። ሌላው የቱቦዎቹ ግድግዳ ራሱ የጠጣው ነው። እርጥበቱ ከደረቁ እንጨት ክብደት ሠላሳ በመቶ ገደማ ሲደርስ ይህኛው መውጣት ይጀምራል፤ እንጨቱም የዚያን ጊዜ ነው የሚኮማተረው። መኮማተሩም በሁሉም በኩል እኩል አይደለም። በርዝመቱ ከቁጥር አይገባም፤ በወርዱ ግን ይሰበሰባል፣ ያውም የዕድሜ ቀለበቶቹን ተከትሎ የሚሰበሰበው ከመሀል ወደ ቅርፊት ካለው እጥፍ ያህል ይሆናል። ጣውላ የሚጎብጠው በዚህ ልዩነት ነው። የቤት ዕቃ የሚሠራበት እንጨት እርጥበቱ አሥራ ሁለት በመቶ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። የእኔ ጣውላ ከዚያ ብዙ የራቀ ነበር።

ባሕር ዛፍን መውቀስ ግን አልፈልግም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የዚህ የአውስትራሊያ ዛፍ ዘር ባይመጣ ኖሮ አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ትነሳ እንደነበር ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ ይናገራል። እንጦጦን ያለበሰው እሱ ነው፤ ማገሩም፣ አጥሩም፣ የሕንፃ መወጣጫውም እሱ ነው። ዛፉ ቶሎ ያድጋል፤ ሲያድግ ውስጡ የሚወጠረው ውጥረት ግን ሲሰነጠቅ ይለቀቅና እንጨቱን ያጣምመዋል፣ ሲደርቅም ብዙ ይኮማተራል። ለምሰሶ ጀግና ነው፤ በቂ ጊዜ ሳያገኝ ለመሳቢያና ለመደርደሪያ ሲቆረጥ ግን ችግር ያመጣል።

የጎበጠውን ይዤ ጉለሌ ወደሚሠሩ አንድ አናጺ ሄድኩ። ዕድሜያቸው ስልሳ ያለፈ፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ ሰክተው የሚውሉ ሰው ናቸው። ጋሪዬን አገላብጠው አዩትና አልሳቁብኝም። አውራ ጣታቸውን ስንጥቁ ላይ አሳረፉ።

«ለምን ነበር የሠራኸው?»

«ለእናቴ ነው ጋሼ። የስፌት ዕቃዋን የምታኖርበት።»

«እናትህ ሲሠሩ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት?»

«አይ፣ በርጩማ ላይ ናት። አንዳንዴም ምንጣፍ ላይ።»

«ይኼ ታዲያ» አሉ እጃቸውን ጋሪው ላይ ጫን አድርገው፣ «ለቆመ ሰው የተሠራ ነው። ሲቀመጡ ከላይ ያለውን አያዩትም። ሂድና እናትህን አምጣልኝ።»

አመጣኋት። አናጺው በርጩማ አቀረቡላት፣ እንደምትሰፋ ሆና እንድትቀመጥ ለመኗት፣ ሜትራቸውን አውጥተው ከወለሉ እስከ ክርኗ ለኩ። «እትዬ፣ እጅዎን ይዘርጉልኝ» አሉ፤ ዘረጋች፤ ያንንም ለኩ። እናቴ ግራ ገብቷት «ወንድም ዓለም፣ ቀሚስ ነው እንዴ የሚሰፉልኝ?» አለች። «ልክ ነዎት፣ ከቀሚስ አይለይም» አሏት። የጋሪው ቁመት ስድሳ ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ በገበያ ከሚታዩት በሃያ ሳንቲ ሜትር ያህል ያጥራል። ርዝመቱ ረጅሙን የስንደዶ እስር እንዲይዝ ሃምሳ ስድስት፣ ወርዱ ደግሞ ሠላሳ ስምንት። ወርዱን የወሰነው የቤታችን ጠባብ በር ነው። ማታ ቤት ገብቼ ሁሉንም በር ስለካ የወጥ ቤቱ ስልሳ ስምንት ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ጋሪውና የሚገፋው ሰው እጅ ሳይተሻሹ ማለፍ አለባቸው።

ቀጥሎ የእንጨት ነገር መጣ። ልቤ ዋንዛ ላይ ነበር። ዋንዛ ለመላጊያ የተመቸ፣ ቀለሙ የሚሞቅ እንጨት ነው፤ ከበሮ የሚቦረቦረው ከእሱ ነው። ጽድም አለ፤ ሽታው ብል የሚያርቅ፣ ምስጥ የማይደፍረው፣ ስንቱን ቤተ ክርስቲያን ተሸክሞ የቆመ። አናጺው ግን አይሆንም አሉ። ዋንዛ፣ ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ተከልክለው ነበር። «ገበሬ ማሳው ላይ ያሳደገው ዋንዛ ይገኛል፤ ከየት እንደመጣ የሚነግረኝ ሻጭ ካላገኘሁ ግን አልገዛም። ለክር ማስቀመጫ ብዬ የመቶ ዓመት ዛፍ አላስቆርጥም» አሉ። እኔም ተስማማሁ፤ ዛሬም ትክክል ነበሩ እላለሁ።

ለአጽሙ የመረጡት የፈረንጅ ጽድ ሞራሌ ነው። ዛፉ አመጣጡ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ነው፤ በአገራችን ለጣውላ ተብሎ በስፋት ይተከላል። ቀላል ነው፣ ቀጥ ብሎ ያድጋል፣ በአግባቡ ከደረቀ ቅርጹን ይይዛል። አናጺው ግድግዳ ተደግፎ የከረመ ሞራሌ አወጡና በጣታቸው አንኳኩ፤ ከዚያ ጉንጫቸው ላይ አስነኩት። እርጥብ እንጨት ጉንጭ ላይ ይቀዘቅዛል። ለመደርደሪያዎቹ ደግሞ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ። ኮምፔንሳቶ የተላጡ ቀጫጭን እንጨቶች በኮላ ተደራርበው የሚሠሩት ነው፤ የአንዱ ሥር በርዝመት ከሄደ የሚቀጥለው በወርድ ይነጠፋል፣ ስለዚህ አንዱ ልኮማተር ሲል ሌላው ይይዘዋል። የድርቦቹ ብዛት ጎደሎ ቁጥር የሚሆነውም ሁለቱ ፊቶች እኩል እንዲጎተቱ ነው። ሙሉው ቅጠል 244 በ122 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሩቡ 122 በ61። ከሩቡ ላይ 56 በ38 የሆኑ ሦስት መደርደሪያዎች ይወጣሉ፤ ለመጋዙ ጥርስ ከሚበቃ ትርፍ ጋር። እናቴ ሒሳቡን ስትሰማ «ምንም አይባክንም ማለት ነው» አለች። ቁራጭ አለላ እንኳ የማትጥል ሴት ናት።

አናጺው ሲሠሩ ለረዳታቸው የሚጠሯቸውን ቃላት ማዳመጥ ለእኔ ሌላ ትምህርት ነበር። ጣውላ፣ ሞራሌ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ስኳድራ፣ ትራፓኖ፣ ካቻቪቴ፣ ብሎን፣ ሞርሳ፣ ኮላ፤ ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራና ከዚያም በኋላ እዚሁ በቀሩ የጣልያን ባለሙያዎች ወርክሾፖች ውስጥ ገብተው ቀሩ። ከእነሱ ጎን ግን መጋዝ፣ መሮ፣ መዶሻና መላጊያ አሉ። እናቴ ደግሞ ከዳር ሆና ወስፌ፣ አለላ፣ ልቃቂት ትላለች። አንድ ዕቃ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ሲገናኙ ማየት ደስ አሰኝቶኛል።

ምስማር አልተመታም። አናጺው የእያንዳንዱን አግዳሚ ጫፍ ግራና ቀኝ በመጋዝ ቀንሰው ምላስ አወጡለት፤ እግሩ ላይ ደግሞ በመሮ የምላሱን ልክ ጉድጓድ ቆፈሩ። ምላሱ በእጅ ግፊት ብቻ መግባት አለበት። በመዶሻ ካልሆነ የማይገባ ከሆነ እግሩን ይሰነጥቃል፤ እንዲያው ከገባ ደግሞ ኮላው ብቻውን አይይዘውም። አንዱን ምላስ አራት ጊዜ አስገብተው አወጡት፤ በየጊዜው እንደ ወረቀት የሳሳ ስንጣሪ ይልጣሉ። አምስተኛው ላይ ገብቶ ሲያርፍ ትንሽ የአየር ድምፅ ተሰማ። «ሰማህ?» አሉኝ። ሰማሁ።

ከዚያ ያየሁት ነገር እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። አጽሙ በኮላ ተገጥሞ ኮላው ገና ሳይደርቅ፣ አናጺው ሜትራቸውን ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ዘረጉ፦ 67.9። ከሌላው ማዕዘን ወደ ተቃራኒው፦ 67.4። በዓይን ሲታይ ፍጹም ቀጥ ያለ ነበር፤ ሜትሩ ግን መዛነፉን ተናገረ። ስኳድራ አንድን ማዕዘን ያሳያል፤ ሁለቱ ሰያፎች እኩል ሲሆኑ ግን አራቱም ማዕዘኖች በአንድ ጊዜ ይቃናሉ። በረጅሙ ሰያፍ በኩል ያለውን ጫፍ በመዳፋቸው መታ አደረጉ፣ እንደገና ለኩ፣ ትንሽ ጨመሩ። ሁለቱም 67.7 ሲሆኑ በሞርሳ አስረው «እስከ ነገ እንዳይነካ» ብለው ሄዱ። የእኔን ጋሪ እንዲህ አልለካሁትም ነበር። አጽሙ ከዛነፈ እግሮቹ እኩል ላይወርዱ ይችላሉ፤ እግሮቹ እኩል ካልወረዱ ደግሞ ምንም ዓይነት ጎማ አያድነውም።

ጎማውን ፍለጋ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ገባሁ። ያገለገለ ነገር ሁሉ ዳግም ነፍስ የሚዘራበት ቦታ ነው፤ ከተሰበረ ወንበር፣ ከአሮጌ አልጋና ከመድኃኒት ማመላለሻ ጋሪ የተፈታ ጎማ በየዓይነቱ ተደርድሯል። በልጅነታችን ኩሽኔታ ጣውላ ላይ ገጥመን ቁልቁለት የምንወርደው ትዝ አለኝ። ኩሽኔታ ይፈጥናል፤ ግን ብረት ነው፣ የቤት ወለል ይቦረቡራል፣ ድምፁም የታችኛውን ፎቅ ጎረቤት ያስነሳል። አናጺው ያዘዙኝ ዙሪያው ላስቲክ የሆነ፣ ዲያሜትሩ 50 ሚሊ ሜትር፣ ከላዩ አራት ቀዳዳ ያለው የብረት ሰሌዳ የተበየደበት ነበር። ከአራቱ ሁለቱ ፍሬን ይኑራቸው ብለዋል። ጎማ ትልቅ በሆነ መጠን ደፍን በቀላሉ ይወጣል፤ የበፊቶቹ ትናንሽ ጎማዎች የተተከሉት ለዚህ ነበር።

አናጺው ስለ ክብደት ያስተማሩኝን ግን የትም አላየሁትም ነበር። «ጋሪው ከነዕቃው ሠላሳ ኪሎ ቢሆን ለአንድ ጎማ ስንት ይደርሰዋል?» አሉኝ። ሰባት ተኩል አልኩ። «አይደለም፤ አሥር ነው። ለሦስት አካፍል።» ምክንያቱም ወለል መቼም ፍጹም ለጥ ያለ አይደለም፤ አራት ጎማ ያለው ነገር ሲገፋ ብዙውን ጊዜ አንዱ ይንሳፈፋል፣ ሸክሙን ሦስቱ ይይዙታል። ከዚያ ዝም ብለው ቆዩና «እናትህ ደግሞ ከበርጩማ ሲነሱ ይደገፉበታል» አሉ። አትደገፍበትም ልል ነበር። ግን እናቴን አውቃታለሁ፤ የቀረባትን ነገር ሁሉ ይዛ ነው የምትነሳው። እሷን ጨምረን መቶ ኪሎ ብለን ለሦስት አካፈልነው፤ እያንዳንዱ አርባ ኪሎ የሚችል ጎማ ገዛሁ። ፍሬን ያላቸው ሁለቱ እሷ በምትቀመጥበት በኩል ሆኑ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ከባድ ዕቃ እንዳይቀመጥ ተወሰነ፤ ላዩ የከበደ ጋሪ ሲደገፉት ይገለበጣልና።

አራቱም ጎማዎች ዙሪያቸውን ይሽከረከራሉ። ጎማውን ከጎን ያየ ሰው መሬት የሚነካበት ነጥብ ከሚዞርበት ዘንግ ትንሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ ማለቱን ያያል። ምሥጢሩ እዚያ ነው፤ ጋሪው ወደ የትም ቢገፋ ጎማው እየተጎተተ ራሱን ወደዚያው ያዞራል። ለቤት ዕቃ በሚሆን ጎማ ላይ የፈጠራ መብት ካገኙት አንዱ ዴቪድ ፊሸር የተባለ የዋሽንግተን ዲሲ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ዘመኑም 1876 እ.ኤ.አ. ነው። ይኸው ሰው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አናጺዎች የተጣበቀ እንጨት ጨምቀው የሚይዙበትን መሣሪያ በስሙ አስመዝግቧል። እንዲህ ያሉ ሰዎች ያሰቡት ነገር ጀሞ አራተኛ ፎቅ ድረስ መጥቶ እናቴን ከሸክም አሳርፏል።

ታችኛው መደርደሪያ ለሣሩ ሆነ። አናጺው ኮምፔንሳቶውን በትራፓኖ በረድፍ በረድፍ ቀደዱት፣ ጎኖቹን በቀጫጭን እንጨት ክፍተት እየተዉ አጠሩለት፤ አየር ከሥርም ከጎንም ይገባል። ከጎማው ጋር ሣሩ ከወለሉ ሰባት ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። መካከለኛው ክዳን ያላቸው ሁለት ሳጥኖች ይዟል፤ አንዱ ለክር፣ አንዱ ለዶቃና ለቁልፍ። የላይኛው ዙሪያው ሁለት ሳንቲ ሜትር ጠርዝ አለው፤ ድብልብሉ እንዳይንከባለል። በቀኝ በኩል ባለው እግር ላይ ሦስት ቀዳዳ ያለው ትንሽ ግንድ ተሰካ፤ የወስፌዎቹ ማቆሚያ ነው፣ ጫፋቸው እንጨቱ ውስጥ ተቀብሮ እጀታቸው ብቻ ይታያል። ይህን ያሰበችው እናቴ ናት።

መጨረሻ ላይ በብርጭቆ ወረቀት ሦስት ጊዜ ተፈተገ፤ ከሻካራው ወደ ለስላሳው፣ ሁልጊዜም በእንጨቱ ሥር አቅጣጫ። ክር የሚያልፍበት ዕቃ አንዲት ስንጥር ከቀረበት ዳንቴሉን ትይዘዋለች። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ በየጠርዙ እየጎተተች ፈተሸችው፤ ሁለት ቦታ ያዘ፣ እንደገና ተፈተገ። ከውጭ የተልባ ዘይት ተቀባ። ዘይቱ እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ከአየሩ ጋር እየተዋሐደ ይጠነክራል፤ በደንብ እስኪደርቅ ቀናት ይፈጃል። አናጺው የቀቡበትን ጨርቅ ጠቅልለው አልጣሉትም፤ ገመድ ላይ ዘርግተው ሰቀሉት። በዚህ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሞቆ ሊነድ ይችላል። ቤታችሁ የምትሠሩ ሁሉ ይህን አትርሱ። የሣሩ መደርደሪያ ውስጡ ምንም አልተቀባም፤ አለላ ሽታ ይይዛል፣ መሶብ ደግሞ እንጀራ ይቀርብበታል።

ጋሪውን አራት ፎቅ ደረጃ ከታች ካለው ጎረቤት ጋር ተሸክመን አወጣነው። እናቴ በሩን ከፍታ ቆማ ጠበቀችን። ዕቃውን የደረደረችው ብቻዋን ነው፤ ማንም እንዲያግዛት አልፈለገችም። ሲጨልም አለላው በየቀለሙ ታች ተኝቶ፣ ክሩ ክዳኑ ሥር ገብቶ፣ ያ እጀታው የጠቆረው ወስፌ ከሦስቱ ቀዳዳዎች ፊተኛው ላይ ተተክሎ አየሁት። በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ጋሪው መስኮቱ ሥር ነበር፤ እናቴ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ የአዲስ መሶብ ቂጥ ጀምራለች። ከሰዓት በኋላ በእግሯ ፍሬኑን ከፍ አድርጋ ወደ መኝታ ቤቱ ገፋችው። ደፉን ያለ ችግር አለፈ።

ያ መሶብ እስኪያልቅ ሁለት ወር ተኩል ወስዷል። ክረምቱ መጥቶ ሄዷል፤ በዘንድሮው መስከረም የታችኛውን መደርደሪያ አንድ ባንድ አውጥተን አየነው፣ የሻገተ እስር አላገኘንም። ጎረቤታችን ጥልፍ የምትሠራ ሴት ናት፤ መጥታ አየችው፣ ቁመቱን በስንዝር ለካችና ለእሷ ሁለት ጣት ቢያጥር እንደሚሻል ተናገረች። የአናጺውን ሱቅ አሳየኋት።

እናንተም እናታችሁ፣ አክስታችሁ ወይም እህታችሁ የእጅ ሥራዋን በማዳበሪያና በፌስታል አድርጋ አልጋ ሥር አኑራ እንደሆነ፣ ክረምት ሳይገባ አውጥታ እንድታሳያችሁ ጠይቋት። እንጨት ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር ለኩ፦ እሷ ስትቀመጥ ከወለል እስከ ክርኗ ያለውን ቁመትና የቤታችሁን ጠባብ በር ወርድ።